ጀምስ ብሩስና የሆድ ሕመም

ስለ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ስለ ጀምስ ብሩስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጸሐፊ የሚያነሣው የዓባይን ምንጭ ለማየት ያደረገውን ጉዞ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያገኘውን ሞገስና ወደ አገሩ ይዞት የተመለሰውን የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ ነው። እኔ ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ይህንኑ ሰው በሌላ በር ገብቼ ላየው መረጥሁ፤ በሩም ሆድ ነው። ነገሩን ለቀልድ ያነሣሁት አይደለም። ብሩስን በሎንዶን ሐሰተኛ ያሰኘው ስለ ምግብ የተናገረው ነው፤ ለሞት አቅርቦት የነበረው የሆድ ሕመም ነው፤ ከስሙ ጋር ተያይዘው እስከ ዛሬ የቆዩት ሁለት የኢትዮጵያ ዕፅዋትም ሁለቱም የሆድ መድኃኒቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ብሩስ የተወለደው በዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ሃሮው በተባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤድንበርግ ሕግ እንዲያጠና ተላከ፤ ሕግን ግን አልወደደም። በ1754 ከወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት አድሪያና አላን የተባለችውን ልጃገረድ አገባ፤ እርስዋም ዓመት ሳይሞላት ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከዚህ ኀዘን በኋላ ነው የመንገድና የቋንቋ ሰው የሆነው። ዐረብኛን ተማረ፤ ሉዶልፍ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት አማካይነትም ግዕዝን አጠና። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጠጕሩ ቀይ፣ ድምፁ ከባድ፣ ኩራቱም ከቁመቱ የማያንስ ሰው እንደ ነበር ያዩት ሁሉ ይስማሙበታል።

በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ወደ አልጀርስ ሄደ። በዚያ ከቆንስላው የቀዶ ጥገና ሐኪም የሕክምናን ሀሁ ተማረ። ኋላም ወደ ሶርያ ተሻግሮ በሐለብ ከተማ ከታወቀው ሐኪም ከፓትሪክ ራስል ስለ ምሥራቅ አገር በሽታዎች ብዙ ዕውቀት ገበየ። ዲፕሎማ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ አውሮፓዊ ወታደር ወይም ነጋዴ ነኝ ካለ እንደሚጠረጠር፣ ሐኪም ነኝ ካለ ግን እንደሚከበር ቀድሞ ተረድቶ ነበርና ከቴሌስኮፑና ከትልቁ ኳድራንቱ ጋር የመድኃኒት ሣጥን ጭኖ ተነሣ።

ሣጥኑ የመጀመሪያውን ታላቅ አገልግሎት የሰጠው በካይሮ ነው። በ1768 የግብፅ ገዥ የነበረው ዐሊ ቤይ አንድ ሌሊት ሆዱን ታሞ ብሩስን አስጠራ። በዙሪያው ብዙ ጠላት የነበረው ይህ ሰው ተመረዝሁ ብሎ ሠግቶ ነበር። ብሩስ ጠይቆ ሲያበቃ ነገሩ መርዝ ሳይሆን ከመጠን ያለፈ ምግብ መሆኑን ፈረደና ለብ ያለ ውኃ ጠጥቶ ሆዱን እንዲያጥብ መከረው። ዛሬ ስናየው ቀላል ምክር ነው። የብሩስ ሙያ ግን ከዚህ በላይ ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ትልቁ ዕውቀቱ ያልተረዳውን በሽታ በከባድ መድኃኒት አለማባባሱ ነው። በዚያ ዘመን ደም እያፈሰሱ በሽተኛን ያደክሙ የነበሩት ባለ ዲፕሎማዎች ሁሉ ይህን ያህል ጥንቃቄ አልነበራቸውም። ዐሊ ቤይ በበኩሉ ውለታውን አልረሳም፤ ብሩስ ለጉዞው የሚያስፈልጉትን ደብዳቤዎች አገኘ።

በሴፕቴምበር 19 ቀን 1769 ምጽዋ ገባ። ከብዙ እንግልት በኋላ የታራንታን ተራራ ወጥቶ በዐድዋና በአክሱም በኩል ወደ ጎንደር አመራ። ከአክሱም ብዙም ሳይርቅ ነበር ኋላ ስሙን ያጠፋበትን ነገር ያየው። ሦስት ወታደሮች ላም እየነዱ ሲሄዱ ደረሰባቸው። ላሚቱን ጥለው ከሽንጥዋ ሥጋ ቆርጠው ካነሡ በኋላ ቆዳውን መልሰው አያይዘው፣ ቁስሉን ጭቃ መርገው እንደ ገና ነድተዋት እንደ ሄዱ ጽፏል። እንግዲህ አንባቢ ያምን እንደ ሆነ ይመን፤ ከብሩስ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልት ሌላውን የብሩስ ወሬ ሲነቅፍ ይህኛውን ግን በአገራችን ብዙ ዓመት የኖረው ናታንኤል ፒርስ በዐይኑ ማየቱን መስክሮለታል። ወታደር በዘመቻ ላይ ያደረገው ነገር የአገር ባህል ነው ብሎ ማውራት ግን ከብሩስ ጉድለቶች አንዱ ነው።

በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ጎንደር ሲገባ ከተማዋን የያዛት ፈንጣጣ ነበር። በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት የመሳፍንቱ ልጆች ታመው ክፍሎቹ በመጋረጃ ታፍነው አገኛቸው። ብሩስ በመጀመሪያ ያደረገው መስኮቱንና በሩን ማስከፈት፣ ቤቱን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ ማሳጠብ፣ በዕጣንና በከርቤም ማሳጠን ነበር። የራስ ሚካኤል ሥሑልና የወይዘሮ አስቴር ልጅ ከዳነ በኋላ የቤተ መንግሥቱ በር ሁሉ ተከፈተለት። ጎንደሬዎች ያጎቤ ይሉት ጀመር፤ ንጉሡ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ ሹመት ሰጡት። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ቤት አሠራር የምንጨነቅ እኛ የመሐንዲስ ወገኖች በዚህ ታሪክ ደስ ሊለን ይገባል፤ ያ የተከፈተ መስኮት ከሣጥኑ መድኃኒት ሁሉ ይበልጥ ሳይጠቅም አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ብሩስ ለሁለት ዓመት ያህል የጎንደር ግብር ታዳሚ ሆነ። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በርበሬው፣ በጊዜው ብርንዶ እየተባለ የሚቀርበው ጥሬ ሥጋ፣ ሁሉም በመጽሐፉ ሰፍሯል። ስለ ጤፍና ስለ እንሰት ሥዕል ጨምሮ በጥንቃቄ ጽፏል። ስለ ግብሩ የጻፈው ግን በብዙ ቦታ የተጋነነ ነው፤ ለመሳለቅ የጻፈ ያህል ነው የሚያነበው ሰው የሚሰማው። ስለ ኮሶ ሲጽፍ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዛፉን አይቶ፣ አበባውን አስሥሎ፣ አጠጣጡን ጠይቆ መዝግቧል፤ አንድ እፍኝ የደረቀ የኮሶ አበባ ከሁለት ሊትር ጥቂት በሚበልጥ ጠላ ተዘፍዝፎ ያድርና በማግሥቱ ይጠጣል። ጠጪው ያን ቀን ከጧት እስከ ማታ ከቤቱ አይወጣም፤ ወዳጆቹም አያዩትም። ኮሶ ጠጥቷል ተብሎ እንግዳ መመለስ በአያቶቻችን ዘመን የታወቀ ነበርና ብሩስ እዚህ ላይ እውነቱን እንደ ተናገረ ለመመስከር መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። እንዲያውም ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱት ኮሶ በሌላ አገር ስለማይገኝ ነው ሲባል መስማቱን ጽፏል።

በአንድ ትልቅ ነገር ግን ተሳስቷል። በየወሩ ከሰው የሚወጣው ትል ረጅሙ ጥብጣብ መሳይ ትል እንዳልሆነ፣ አስካሪስ ከሚባለው ወገን እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈ። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። የኮሶ ትል በአንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ቍርጥራጭ አካላት የተቀጣጠሉበት ነው። ከጭራው የበሰሉት ቍርጥራጮች አንድ በአንድ እየተለዩ ሲወጡ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉና ለተመልካች እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አጭር ትል ይመስላል። ራሱ ግን ከአንጀቱ ግድግዳ ተጣብቆ ይቀራል። ኮሶውን በየሁለት ወሩ እንደ ገና መጠጣት ያስፈልግ የነበረውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሳይነቀል እየቀረ ስለ ነበር ነው፤ ራሱ ከቀረ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ እንደ ገና ሙሉ ትል ይሆናል።

ብሩስ ሥጋውን አየ፤ ትሉን አየ፤ መድኃኒቱንም አየ። ሦስቱን የሚያያይዘውን ክር ግን አላየም። በዘመኑ ያየው ሰውም አልነበረም። ክሩ የተገኘው ከሞተ ከስድሳ ዓመታት በላይ ቈይቶ፣ ጀርመናዊው ሎይካርት በ1861 ገደማ የትሉን ቍርጥራጮች ለጥጃ አብልቶ በጥጃው ሥጋ ውስጥ የፍሬ ቅንጣት የሚያህሉ ከረጢቶችን ባገኘ ጊዜ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ በእያንዳንዱ ቍርጥራጭ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር እንቁላል ሣር ላይ ይበተናል። እንቁላሉ በእርጥብ ሣር ላይ ለወራት ሊቈይ ይችላል። ላሚቱ ትግጠዋለች፤ ከአንጀትዋ ወደ ደምዋ፣ ከደምዋ ወደ ጡንቻዋ ይገባል። ሥጋው ሳይበስል ሲበላ ከረጢቱ በሰው አንጀት ውስጥ ይፈታል፤ ከዚያም ዙሪያው እንደ ገና ይጀምራል። ሰውና ከብት ብቻ ናቸው በዚህ ዙሪያ ውስጥ የሚገኙት። ስለዚህ ዙሪያውን በሁለት ስፍራ መቍረጥ ይቻላል፤ አንደኛው ድስቱ ነው፣ ሁለተኛው ሽንት ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ከጎንደር ወጥቼ እኔ ወደምኖርበት ወደ ኮዬ ፈጬ ጥቂት ብመለስ አንባቢ አይከፋብኝ። ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ትናንት የጤፍና የስንዴ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የቆመ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። በሕንጻው ምድር ቤት ቁርጥ የሚሸጥ ሥጋ ቤት አለ፤ ከመጨረሻው ሕንጻ ባሻገር ከብት ይግጣል፤ በመካከሉ የፍሳሽ መስመር ያልፋል። ብሩስ ያላየው ዙሪያ ሙሉ በሙሉ በእግር በሚኬድ መንገድ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል ማለት ነው። አንድ ማንሆል ሞልቶ ገንፍሎ ወደ ግጦሹ ሲወርድ የሚያየው ነዋሪ የሚያማርረው ስለ ሽታው ነው፤ ይኸው ውኃ በሣሩ በኩል ዞሮ ወደ ሥጋ ቤቱ ሊመለስ እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። የጋራ መኖሪያዎች ሲነደፉ ለዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ከነውኃ መውረጃው እንዲኖራቸው የታሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ለፋሲካና ለመስቀል በቅርጫ የሚታረደው በሬ በቄራ መርማሪ ዐይን አያልፍም። የቄራው መርማሪ የመንጋጋውን፣ የምላሱን፣ የልቡንና የትከሻውን ጡንቻ ቀድዶ የሚያየው እነዚያኑ ከረጢቶች ፍለጋ ነው፤ ቅርጫ የሚከፋፈለው ጎረቤት ግን ቢላውን የሚስለው ለመብላት ነው።

ለፍሳሽ ሥራ የተመደቡ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1989 ባወጣው መመሪያ ለመስኖ በሚውል የተጣራ ፍሳሽ ውስጥ የአንጀት ትሎች እንቁላል በሊትር ከአንድ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንቁላል ከባድ ነገር ስለሆነ ፍሳሹ በኩሬ ውስጥ በቂ ቀን ከተኛ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ለዚህም ነው የኩሬው ስፋት ሲሰላ የመኝታው ቀን ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው። የአቃቂን ወንዝ እየጠለፉ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች ባሉበት አገር ይህ ስሌት በወረቀት ላይ የሚቀር ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር የኮሶ ትልን ያህል በመሐንዲስ እጅ ያለ የሆድ በሽታ ጥቂት ነው።

ወደ ብሩስ እንመለስ። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከብዙ ድካም በኋላ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የሕይወቱ ትልቁ ቀን ይህ ነበር፤ ሆኖም ፖርቱጋሎች ወደ አገራችን በላኩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ውስጥ የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 በዚያው ስፍራ ቆሞ ነበር። ብሩስ ይህን እስከ ሞቱ ድረስ ሊቀበል አልወደደም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ስለ ሉዊጂ ባሉጋኒ ያደረገው ነው። ይህ ጣልያናዊ ሠዓሊ ከብሩስ ጋር ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የዕፅዋቱን ሥዕል የሠራ፣ የአየሩንም ጠባይ የመዘገበ ሰው ነው። ከግሽ መልስ ጎንደር ላይ በተቅማጥ ታሞ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒ ወደ ግሽ አብሮት እንደ ሄደ አይናገርም፤ የሞተበትንም ጊዜ ወደ ኋላ አሸሽቶ ጽፎታል። ለዓባይ ምንጭ ክብር ተጋሪ አልፈለገም። ለብቻ ለመታየት የሥራ ባልደረባን ስም ከሥዕሉ ማውጣት በእኛም ሙያ የማይታወቅ አይደለም።

የባሉጋኒን ሕይወት የወሰደው ሕመም ብሩስንም አልማረውም። የጎንደር ጦርነት ስለ ሰለቸው በ1771 መጨረሻ በስንት ልመና ፈቃድ አግኝቶ በራስ ፍል በኩል ወደ ስናር ወረደ። ቆላው ውስጥ ሖር ካካሙት በተባለ መንደር ተቅማጥ ጣለው፤ ሳምንታት ታመመ። ከሣጥኑ ያወጣው ሁሉ አልረዳውም። የዳነው የአካባቢው ሰዎች ባሳዩት ቍጥቋጦ ነው፤ ዋጊኖስ ይሉታል፣ የሥሩ ልጥ ደርቆ፣ ደቅቆ ይወሰዳል። ዐሊ ቤይን በለብ ውኃ የፈወሰው ሐኪም እዚህ የቆላ ሰው ታካሚ ሆነ፤ ይህንም ሳይደብቅ፣ ሳያፍር ጽፎታል። ስለ ባሉጋኒ የነፈገውን ቅንነት ለዋጊኖስ ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ዘሩንም ይዞ ሄደ።

እንዲህ ያለ ተቅማጥ ካለፈ በኋላ ስለሚቀረው ነገር የዛሬ ሐኪሞች የሚያውቁት ብሩስ ከሚያውቀው የላቀ ነው። በተሐዋስያን ምክንያት ከባድ የአንጀት ሕመም ካገኛቸው ሰዎች ከዐሥሩ አንዱ ያህል ተሐዋስያኑ ከጠፉ ከወራት በኋላም ሆዳቸው መታመሙን አይተውም። ይነፋል፣ ይቈርጣል፣ አንድ ቀን ይደርቃል፣ ሌላ ቀን ይለቃል፤ ሲመረመር ግን ትልም ቁስልም አይገኝበትም። የአንጀት ቁጡነት፣ በምሕጻር አይ ቢ ኤስ የሚሉት ሕመም ይህ ነው። ተቅማጥ ሳይቀድመውም ሊመጣ ይችላል። አንጀቱ በቅርጽ ደኅና ነው፤ ስሜቱ ግን ተስሏል፤ ሌላው ሰው የማይሰማው ጋዝና መወጠር ለእርሱ ሕመም ይሆንበታል። ለሙት የሕመም ስም ማውጣት የመሐንዲስ ሥራ ስላልሆነ ብሩስን በዚህ ውስጥ አልጨምረውም። በሕይወት ያሉትን ግን በየሥራ ቦታችን እናውቃቸዋለን፤ ምሳ ሲደርስ የሚሸሹት፣ በጾም ወራት የሚብስባቸው፣ ጨጓራ ነው ሲባሉ የጨጓራ መድኃኒት፣ አሜባ ነው ሲባሉ የአሜባ መድኃኒት፣ ኮሶ ነው ሲባሉ ደግሞ የኮሶ ኪኒን በየወሩ የሚውጡት ናቸው። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ቤተ ሰብም ባልደረባም የሐሳብ በሽታ ነው ይላቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ሕመሙ አለ።

ምግብ ለምን እንደሚያባብሰውም ከሞላ ጎደል ታውቋል። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በስንዴ፣ እንዲሁም በሽምብራ፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ ትንሹ አንጀት ሊፈጫቸው የማይችላቸው የስኳር ዘሮች አሉ። እነዚህ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርዱ ውኃ ይስባሉ፣ በባክቴሪያም ተብላልተው ጋዝ ይሆናሉ። ብዙ ዐዋቂ ሰው የወተትንም ስኳር መፍጨት አይችልም። ሽሮአችንን ብንመለከት ጥራጥሬውም ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም በአንድ ድስት የተገናኙበት ነው፤ ጾመኛው በጾም ወራት የሚታመመው ኀጢአት ስለ ሠራ አይደለም። በሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2005 ጀምሮ ባዘጋጁት ሥርዓት እነዚህ ምግቦች ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቀነሱና ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ የትኛው በምን ያህል መጠን እንደሚያሳምም ይመዘገባል። የተበላሸ ሞተር የሚመረምር ሰው ሁሉን ክፍል በአንድ ጊዜ እንደማይለውጥ ያህል ነው። ሁሉን ምግብ ትቶ መቅረት ግን ሌላ በሽታ ያመጣል። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ወይም ከኀምሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ከጀመረ ነገሩ የሽንኩርት አይደለምና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ብሩስ ከራስ ፍል ወደ ስናር፣ ከስናርም የኑቢያን በረሃ አቋርጦ በኖቬምበር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ግመሎቹ በበረሃ ስላለቁ የጻፈውን ሁሉና ኳድራንቱን በአሸዋ ላይ ትቶ ነበር፤ ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ሰው ይዞ ተመልሶ አነሣው። በፈረንሳይ ሊቃውንቱ በክብር ተቀበሉት። እግሩ ውስጥ የገባውን የጊኒ ትል ለማስታመምም በጣልያን የፖሬታ ፍል ውኃ ተቀመጠ። በ1774 ሎንዶን ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ጠበቀው። ንጉሡ ተቀበሉት፤ የከተማው ጨዋዎች ግን ሰው ከሕያው ላም ሥጋ ቆርጦ ይበላል ማለቱን እንደ ተረት ያወሩት ጀመር። ሳሙኤል ጆንሰንን የመሰሉ የተከበሩ የብዕር ሰዎች ሳይቀሩ ኢትዮጵያን ማየቱን ተጠራጠሩ። ኩሩው ሰው ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባ፤ በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ለዐሥራ ስድስት ዓመታት ያህልም መጽሐፍ ሳያወጣ ቆየ። አንድ ቀን በቤቱ የተጋበዘ እንግዳ ጥሬ ሥጋ መብላት የማይሆን ነገር ነው ብሎ በተከራከረ ጊዜ ብሩስ ወጥቶ በጨውና በበርበሬ የታሸ ጥሬ የበሬ ሥጋ ይዞ እንደ ተመለሰ፣ እንግዳው ወይ እንዲበላ ወይ እንዲጋጠመው እንዳስመረጠው ይተረካል። እንግዳው በላ ይባላል። ትል ይዞት እንደ ሆነ የጻፈ የለም።

ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ወዳጆቹ ሥራ ይዞ ኀዘኑን እንዲረሳ ገፋፉት፤ አምስት ጥራዝ ያለው መጽሐፉም በ1790 ታተመ። ብዙው ነገር ከትውስታ የተጻፈ ስለሆነ ቀኑ ይዛባል፣ ንግግሩም ይጋነናል። ዕፅዋቱንና የሰማይ ልኬቱን በተመለከተ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኛውን አጽንተውለታል። ፓሪሳዊው ሐኪም ብራዬር በ1820ዎቹ ዓመታት ስለ ኮሶ ፈዋሽነት ጽፎ ካስታወቀ በኋላ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ፤ መጠኑ ሲበዛ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ስለሆነ ግን በኻያኛው ምዕተ ዓመት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ኪኒኖች ስፍራውን ወሰዱ።

በኤፕሪል 26 ቀን 1794 ማታ ብሩስ በቤቱ ግብዣ አድርጎ ነበር። አንዲት እንግዳ እመቤት ስትሄድ እስከ ሠረገላዋ ሊሸኛት ተጣድፎ ሲወርድ ከደረጃው ላይ አዳልጦት በራሱ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነበር።

ኮሶን ሲገልጽ ዛፉን በታላቁ የዕፅዋት ሊቅ በጆዜፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎት ነበር። ይህ ስም ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለ ነበር አልጸናም፤ ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ሐጌንያ አቢሲኒካ አለው። በዕፅዋት ስም አወጣጥ ሕግ መጀመሪያ የገለጸው ሰው ስም በቅንፍ ውስጥ ስለሚቈይ በሙሉ ሲጻፍ ዛሬም ብሩስ የሚለው ስም አብሮት አለ። ባንክስ በበኩሉ በራስ ፍል የበሽተኛውን ሕይወት ላተረፈው ቍጥቋጦ ብሩሲያ አንቲዲሰንቴሪካ የሚል ስም ሰጠው። ይህኛው ጸንቷል፤ አገሬው ግን ዛሬም ዋጊኖስ ነው የሚለው።